እምቢ ማለት

"እምቢ"ን "አይ" ብለው የሚፈቱ ሰዎች ያናድዱኛል። ሁለቱ በፍጹም አንድ አይደሉም። "ቡና አለ?" ተብዬ "አይ፣ የለም" ብል ያለውን ነገርኩ እንጂ ማንንም አልተቃወምኩም። እምቢ ለማለት ግን መጀመሪያ የሚያዝ፣ የሚለምን ወይም የሚያስገድድ ሰው መኖር አለበት። ጣልያኖች አርበኞችን አውግዙ ሲሏቸው አቡነ ጴጥሮስ እምቢ አሉ፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተረሸኑ። እዚህ ጋ "አይ አሉ" ብላችሁ ሞክሩት፣ ነገሩ ሁሉ ይፈዛል።

ግዕዝ "አበየ" የሚል ግስ አለው፣ እምቢ አለ ማለት ነው። የእኛም እምቢ የዚሁ ሥር ዘመድ ነው። ትግርኛ ዛሬም ድረስ "ኣበየ" ይላል፣ ዐረብኛው ደግሞ "አባ" ነው፣ ትርጉሙ ያው። የሚገርመኝ ዕብራይስጡ ነው። እዚያ "አቫ" ፈቀደ ማለት ነው፤ ግን በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ከአፍራሹ "ሎ" ጋር ነው የሚመጣው፣ አልፈቀደም ለማለት። (እንቢ ነው እምቢ ለምትሉ፦ ሁለቱም ይጻፋል። ን ከብ በፊት ስትመጣ አፋችን ወደ ም ይወስዳታል፣ ወንበርን ወምበር እንደምንለው።)

አማርኛ እምቢን አያረባውም። ቃሉ እንዳለ ይቀመጥና ርቢውን ሁሉ "አለ" ይሸከምለታል፦ እምቢ አልኩ፣ እምቢ አለች፣ እምቢ ይላሉ፣ ልክ እንደ ዝም አለ። ስለዚህ እምቢታ በኛ ቋንቋ የሚነገር ነገር ነው። አፍ የሌለውም ሁሉ ይናገራል! እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ እግሬ እምቢ አለኝ፣ መኪናው እምቢ አለ። ከሁሉ የምወደው ግን "በሩ አልከፈት አለ" የሚለውን ነው። አስተውሉ፣ "አይከፈት" አይደለም የምንለው፣ "አልከፈት" ነው። በሩ ራሱ በአንደኛ መደብ "እኔ አልከፈትም" ብሎ እንደተናገረ አድርገን ነው የምናወራው፣ ይህንንም ሳናስበው በየቀኑ እንለዋለን።

ቤት ውስጥ ልጅን "እምቢተኛ" ስንለው ወቀሳ ነው። ሕዝባዊ እምቢተኝነት ሲባል ግን ቃሉ ክብር ያገኛል። ፉከራ ላይ ደግሞ ኝ ይጨመርበትና "እምቢኝ!" ይሆናል፣ ብዙ ጊዜም "አሻፈረኝ" ይከተለዋል።