ለ5 ሴንቲ ሜትር ሦስት ጊዜ የተፈታ ባሌስትራ

መኪናዬ የ1993 ሞዴል ሃይሉክስ ፒክአፕ ናት፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። አራቱም እግሯ ባሌስትራ ነው፤ ማለትም መኪናዋን የሚሸከመው እንደ ቅስት የታጠፈ ተደራራቢ ብረት ነው። ክረምት ሲገባ ማዳበሪያ ጭኜ ከባሕር ዳር ወደ ፎገራ እመላለሳለሁ። ከአስፋልቱ ወርዶ ዋልካው ውስጥ መግባት ነው ጣጣው። ሻንሲዋ፣ ማለትም የብረት አጽሟ፣ ጭቃው ላይ ይተኛል፤ ግራና ቀኝ ጎማውን በሚያገናኘው አክስል ላይ ያበጠው ዲፈረንሻል ደግሞ እንደ ማረሻ ያርሳል። 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብትልልኝ ይበቃኛል አልኩ።

መጀመሪያ ርካሹን መንገድ ያዝኩ። አንድ ብረት ቀጥቃጭ ባሌስትራውን ከሰል ላይ አግሎ በመዶሻ ቅስቱን መለሰልኝ። አማረች! ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ተመልሶ ተኛ። የባሌስትራ ብረት እንዲያ የሚነጥረው ፋብሪካ ውስጥ ግሎ፣ ዘይት ውስጥ ተነክሮ፣ ከዚያም በልኩ እንደገና ሞቆ ስለተሠራ ነው። ቀይ እስኪሆን አግለው ዝም ብለው ካቀዘቀዙት ያ ሁሉ ይጠፋል። ሳይሞቅ በፕሬስ ቢታጠፍ ኖሮ ይሻል ነበር።

ቀጥሎ ሻክሉን አስረዘምኩ። ሻክል የባሌስትራውን አንድ ጫፍ ከሻንሲው የሚያንጠለጥለው ጥንድ ብረት ነው። በ10 ሴንቲ ሜትር ቢረዝም መኪናዋ የምትነሳው በ5 ብቻ ነው፤ ሌላኛው ጫፍ ካለበት አይነቃነቅማ። የእኔ የፊት ሻክል ያለው ወደ መከላከያው በኩል ነው። ሲረዝም አክስሉ ወደ ፊት አጎነበሰ፣ መሪውም ቀለለ። አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻግሬ ወደ ወረታ ስነዳ እንደ ጣና ታንኳ ትዋልልብኝ ጀመር።

መጨረሻ ላይ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋ ወሰድኳት። ከሥሯ ገብተው አዩና «ልጄ፣ ይኼን ማነው የሠራልህ?» አሉኝ።

«እኔው ነኝ ያሠራሁት፣ ጋሼ።»

ሳቁብኝ። ሻክሉን ወደ ድሮው መለሱና ለእያንዳንዱ ባሌስትራ ስፋቱ እኩል የሆነ፣ እሳት ያልነካው አንድ አንድ ብረት ጨመሩ። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩትን ዩ ቦልቶች በአዲስ ቀየሩ፤ አሮጌው አንዴ ስለተለጠጠ አይታመንም። የባሌስትራውን ጫፎች ብሎኖች ያጠበቁት መኪናዋን ከክሪክ ካወረዱ በኋላ ነው። ተንጠልጥላ ከታሰረች ጫፉ ውስጥ ያለው ጎማ፣ ጎሚኒው፣ ተጠማዝዞ ቶሎ ይበላል።

ከዚያ የፍሬኑን ነገር አሳዩኝ። የኋላውን ፍሬን ግፊት የሚመጥን ቫልቭ አለ፤ በዘንግ ከአክስሉ ጋር ተያይዟል። መኪናዋ ከፍ ስትል ጭነት የሌላት ይመስለውና የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል። እኔ ደግሞ እስከዚያ ቀን ማዳበሪያ ሞልቼ ስነዳ ነበር። አሁንም ሳስበው ይዘገንነኛል። እሳቸው ቫልቩን በአዲሱ ከፍታ ልክ አስተካከሉት፣ የፍሬን ዘይት የሚያልፍበት የጎማ ቱቦም አለመወጠሩን አዩ።

ከሳምንት በኋላ ዩ ቦልቶቹን ሲፈትሹ ሁለቱ ላልተው ነበር። ባዶዋን ስትሄድ ትንሽ ታንገጫግጫለች። ሻንሲዋ ግን ጭቃ አይነካም።

ዲፈረንሻሉ? አሁንም ያርሳል። ያለው አክስሉ ላይ ስለሆነ እሱን ከፍ የሚያደርገው ትልቅ ጎማ ነው እንጂ ባሌስትራ አያነሳውም። ጋሼ ይህን የነገሩኝ ሒሳባቸውን ከከፈልኩ በኋላ ነው።