አምስት ደቂቃ ብቻ የኖረው ወንበዴ

የምሠራው የኮምፒውተር ጌም ታሪክ መጻፍ ነው። ሲያወሩት ያምራል። አብዛኛው ቀን ግን የሚያልፈው «ተጫዋቹ በዚህ በር ባይገባስ?» በሚል ጭቅጭቅ ነው።

ያኔ የያዝነው ጌም ስለ አንዲት አስማተኛ ጀብደኛ ነበር። ታሪኩ ሲጀምር የባሕር ወንበዴ መንደሯን ያቃጥላል፣ ዓሣ አጥማጅ አባቷን ይገድላል፣ መርከቡን ይዞ ይሄዳል። እሷ ደግሞ ከደሴት ደሴት እየዞረች ታሳድደዋለች። ወንበዴው ላይ ስምንት ወር ለፍቻለሁ። ጠባሳው እንኳ የራሱ ታሪክ ነበረው። እውነቱን ለመናገር፣ ከጀግናዋ ይልቅ እሱን ነበር የምወደው።

የሙከራ ቀን ደረሰ። አንዲት ሞካሪ ተቀመጠች፤ እኛ ከኋላዋ ቆምን። መንደሩ ተቃጠለ። አባትየው ወደቀ። የሚያስለቅስ ሙዚቃ አስገብቼበት ነበር። እሷ ግን ለልቅሶ ጊዜ አልነበራትም። ባሕር ውስጥ ዘላ ገባች፣ ዋኝታ መርከቡ ላይ ወጣች፣ የአባቷን የዓሣ ጦር ወንበዴው ጀርባ ላይ ሰካችው። ሞተ። ገና አምስተኛው ደቂቃ ላይ ነን። ሬሳው እግሯ ሥር ተዘርሮ ሳለ ስክሪኑ ላይ «የአባትሽን ገዳይ ፈልጊ» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

እኔ አልሳቅኩም። ፕሮግራመሩን «እንዳይሞት አድርገው» አልኩት። አደረገው። በማግስቱ ያችው ሞካሪ አርባ ጊዜ ያህል ወጋችው፤ ወንበዴው ምንም እንዳልሆነ ንግግሩን ቀጠለ። ኮንትሮለሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «እሺ፣ እኔ እዚህ ምን ልሥራ?» አለችኝ። ምን እላታለሁ? በቀሉን ከእጇ የነጠቅኳት ለታሪኩ ብዬ አልነበረም። ለወንበዴዬ ሳስቼ ነው።

ያዳነን ፕሮግራመሩ ነው። የባሕር ወንበዴ ታሪክ ማንበብ ሱሱ ነው። «ካፒቴን እኮ በድምፅ ነበር የሚመረጠው» አለኝ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አትላንቲክ ላይ የነበሩ ወንበዴዎች በአብዛኛው መሪያቸውን ራሳቸው ይመርጡ ነበር። ካልተስማማቸው ያወርዱታል። የት እንዘምት የሚለውም በድምፅ ነው። እኔ ለካ ወንበዴዬን ንጉሥ አድርጌው ኖሯል።

እንደገና ጻፍነው። ካፒቴኑ ይሙት። ሲሞት ግን ሠራተኞቹ ተሰብስበው ሌላ ይመርጣሉ። መንደሩ እንዲቃጠል እጃቸውን ያወጡት ሁሉም እንደነበሩ ጀግናዋ የምትሰማው ያኔ ነው። ጠላቷ አንድ ሰው መሆኑ ቀርቶ መርከብ ሙሉ ሰው ሆነ። የስምንት ወር ልፋቴ ግማሹ ቅርጫት ገባ። የጠባሳው ታሪክም አብሮ ሄደ፤ እሱ እስካሁን ይቆጨኛል።

ሦስተኛው ሙከራ። ሞካሪዋ አሁንም ዘለለች፣ ዋኘች፣ ወጋችው። ወንበዴዎቹ ከበቧት። «ማን ካፒቴን ይሁን?» ተባባሉ። ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። ከዚያ ዞር ብላ «እኔስ መወዳደር እችላለሁ?» አለች።

«የውጭ ሰው ማን ይመርጣል?» ልል አፌን ስከፍት ፕሮግራመሩ ቀደመኝ። እ.ኤ.አ. በ1719 ባርቶሎሚው ሮበርትስ የሚባል መርከበኛ በወንበዴዎች ተማረከ። ስድስት ሳምንት ገደማ እንደቆየ የማረከው ካፒቴን፣ ሃውል ዴቪስ፣ ፕሪንሲፔ ደሴት ላይ ተገደለ። ወንበዴዎቹ ምርኮኛውን ካፒቴን አድርገው መረጡት። እሱም መጀመሪያ ያደረገው የዴቪስን ደም መመለስ ነበር።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ላፕቶፔን ከፈትኩ።