የደብረ ሊባኖስ ቆቅ ካዋይ ደሴት ላይ

የመጀመሪያዋን ሌሊት የቆቅ እንቅልፍ ተኝቼ አደርኩ። ከሃዋይ ደሴቶች አንዷ በሆነችው ካዋይ ላይ ባለቤት የሌለው ዶሮ መአት ነው፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ መስኮታችን ሥር ይጮሃል። መኪና ያከራየን ድርጅትም ኢንሹራንስ ብሎ ሳንጠይቀው 60 ዶላር ስለጨመረብን ገና ከመጀመሪያው ተናድጄ ነበር።

ጠዋት ወደ ዋይሜያ ገደል ወጣን። መኪና ማቆሚያ 10 ዶላር፣ መግቢያ በሰው 5 ዶላር። ሰው ሁሉ ገደሉን ፎቶ ያነሳል። ያምራል፣ አፈሩም ቀይ ነው፤ ግን የጀማን ሸለቆ እያየ ላደገ ሰው ያን ያህል አይገርምም። እኔን ቀጥ ያደረገኝ ከቁጥቋጦው የወጣ ድምፅ ነው። ቆቅ!

ዞር ስል መኪኖቹ መሀል እየለቀመ ነው። ደረቱ ዥጉርጉር፣ ግንባሩ ጥቁር፣ አናቱ እንደ ሸክላ የቀላ። ደብረ ሊባኖስ ቁልቁለቱ ላይ፣ ልጅ ሆነን ስናባርረው ሽቅብ እየሮጠ የሚያመልጠን ራሱ ነው። እዚያ ሰው ሲያይ እልም ይላል፤ እዚህ ግን ሁለት ሜትር ያህል ተጠግቼው ዘወር ብሎ አላየኝም። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ከፋኝ።

ውሻ ይዘው የቆሙ አንድ ሽማግሌ አፍጥጬ ሲያዩኝ ጠጋ አሉ። አዳኝ ናቸው። «ከአፍሪካ የመጣ ነው» ሲሉኝ «ከኛ አገር ነው!» አልኳቸውና እጄን ጨበጡኝ። ተፈጥሯዊ አገሩ ኢትዮጵያ፣ ኤርትራና ሱዳን ብቻ ነው። ወደ ሃዋይ ያመጡት በ1957 በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፣ ለአደን ብለው። ማደን የሚቻለው ፈቃድ አውጥቶ፣ በወቅቱ ብቻ ነው። ቁጥቋጧማው ዳገት ተስማማው፤ ዘር፣ ፍሬና ነፍሳት ይለቅማል፣ ጎጆውን መሬት ላይ ይሠራል። አንዳንድ ሌሎች የሃዋይ ደሴቶች ላይ እንቁላልና ጫጩት የሚጨርሰው ሞንጉስ የሚባል አውሬ ካዋይ ላይ አልተራባም። ሌሊት ያስመረሩኝ ዶሮዎችም ለካ የበዙት በዚሁ ምክንያት ነው።

ሽማግሌው የት ቁጭ ብዬ ብጠብቅ ደህና አድርጌ እንደምሰማው አሳዩኝ። ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጥኩ፤ ባለቤቴ መኪና ውስጥ ተኛች። ድምፁን በስልኬ ቀድቼ ለእማዬ ደወልኩላት። እዚያ መሽቷል። አሰማኋት።

«ቆቅ ነው» አለች ወዲያው። «ምነው፣ ማሳ ገባባችሁ?»