ነሐሴ 30 ላይ አንድ ወር ስትደምሩ

ለአንድ ትንሽ የቁጠባና ብድር ማኅበር የብድር መመለሻ ፕሮግራም ሠራሁ። ዳታቤዙ፣ መግቢያ ገጹ፣ ደረሰኙ በሁለት ሳምንት አለቀ። ያንገበገበችኝ «ቀጣይ መክፈያ = ያለፈው መክፈያ + 1 ወር» የምትለዋ አንዲት መስመር ናት።

ወር በገባ በ30 ለሚከፍሉት እስከ ነሐሴ ሰላም ነበር። ነሐሴ 30 ላይ ላይብረሪው (ቀን እንዲያሰላልኝ የተጠቀምኩበት፣ ሌሎች የጻፉት ዝግጁ ኮድ) አንድ ወር ሲደምር፣ ጳጉሜን 30 የሚባል ቀን የለማ፣ ጎትቶ ጳጉሜን 5 ላይ አስቀመጠው። ሰዉ በከፈለ በአምስተኛው ቀን፣ ለእንቁጣጣሽ ዶሮ ሊገዛ ሲል፣ ሌላ ሙሉ ክፍያ የሚጠይቅ ቴክስት ደረሰው። ይባስ ብሎ ከጳጉሜን 5 ቀጥሎ መስከረም 5 መጣ፣ ከዚያ ጥቅምት 5። የ30 ከፋይ የነበረው ሁሉ የ5 ከፋይ ሆኖ ቀረ። በዓሉን ስልክ ሳነሳ ዋልኩ።

ገንዘብ ያዧ «አንተ ልጅ፣ ለጳጉሜን ማን ደመወዝ ይከፈለዋል?» አሉኝ። አፈርኩ። ላይብረሪው ዓመቱ 13 ወር ነው ያለው እውነቱን ነው። የመክፈያ ወር ግን 12 ነው፣ ይህን ደግሞ ኮድ ከመጻፌ በፊት እሳቸውን አንዴ ብጠይቅ ኖሮ አውቀው ነበር።

የፕሮግራም መመሪያዎች ሁሉ «የቀን ስሌት ራስህ አትጻፍ» ይላሉ። ቀን ከፈረንጅ ወደ እኛ ለመቀየር እሺ። ወር መደመሩን ግን ራሴ ጻፍኩት፣ አልጸጸትም። ብድሩ የተወሰደበትን ዓመት በ12 አባዛለሁ፣ ወሩን አንድ ቀንሼ እደምራለሁ፣ ስንተኛ ክፍያ እንደሆነ እጨምርበታለሁ፣ ከዚያ ለ12 ማካፈል ነው፤ ድርሻው ዓመት፣ ቀሪው ላይ አንድ ሲደመር ወር። 12ቱም ወር 30 ቀን ስለሆነ ቀኑ አይነካም።

ደግሞ ሁሌም ብድሩ ከተወሰደበት ከመጀመሪያው ቀን ቁጠሩ እንጂ ካለፈው ክፍያ አትነሡ። ለፈረንጁም ያው ነው፦ ጃንዋሪ 31 ቀን 2023 ላይ አንድ ወር ስትደምሩ ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ፌብሩዋሪ 28 ይላችኋል፣ ጃቫስክሪፕት የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ማርች 3 ላይ ይወረውራችኋል። ከ28 ከቀጠላችሁ 31 አይመለስም። ኮዱን ስትሞክሩ ነሐሴ 30ን እና ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን አትርሱ።

በጳጉሜን የተበደረስ? መስከረም 1 እንደወሰደ ይቆጠር ተባለ። የአምስቱ ቀን ወለድ ይታሰብ አይታሰብ ብዬ ኮሚቴውን ሦስት ጊዜ በደብዳቤ ጠይቄያለሁ፣ «እንወያይበታለን» ብለዋል፤ ኮዱ ላይ እስካሁን ዜሮ ነው።