ዊንዶውስ የሚሸከም ርካሽ ቪፒኤስ ስትመርጡ

ቪፒኤስ ከአንድ ትልቅ ሰርቨር ተከፍሎ የሚከራይ ምናባዊ ሰርቨር ነው። ከዋጋው በፊት የሚታየው የቨርቹዋላይዜሽኑ ዓይነት፣ ማለትም ትልቁ ሰርቨር የተከፈለበት ዘዴ ነው። ኦፕንቪዜድ ወይም ኤልኤክስሲ ከሆነ እለፉት፤ እነዚህ የትልቁን ሰርቨር የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓቱን እምብርት) ስለሚጋሩ ዊንዶውስ ጨርሶ አይጫንባቸውም። ኬቪኤም ወይም ሃይፐር-ቪ ይሁን። በአርም ፕሮሰሰር የሚሸጡ ርካሾችም አሉ፤ የተለመደው የዊንዶውስ ሰርቨር 2022 መጫኛ እነሱ ላይ አይነሳም።

ማይክሮሶፍት ለባለ ዴስክቶፑ የዊንዶውስ ሰርቨር ቅጂ ቢያንስ 2 ጊጋባይት ራምና 32 ጊጋባይት ዲስክ ይላል። ይህ እንዲነሳ ብቻ ነው። ዝማኔ ሲጀምር ራሙ ይሞላል፣ ሥራው ወደ ዲስክ ይዞራል፣ ሰርቨሩን ከሩቅ የምታዩበት የርቀት ዴስክቶፑም ይንቀራፈፋል። በእኔ ሚዛን 4 ጊጋባይት ራም፣ 2 ኮርና 60 ጊጋባይት ኤስኤስዲ የመጨረሻው ዝቅተኛ ነው።

ገንዘብ የሚያስበላው ግን ፈቃዱ ነው። «ዊንዶውስ ተካቷል» የተባለው አንዳንዴ የ180 ቀን የሙከራ ቅጂ ሆኖ ይገኛል፤ ቀኑ ሲያልቅ ሰርቨሩ በየሰዓቱ ራሱን ያጠፋል። የፈቃዱ ወርሃዊ ክፍያ ዋጋው ውስጥ መኖሩን በጽሑፍ ጠይቁ።

ኬቪኤም ላይ የራሳችሁን አይኤስኦ (የዊንዶውስ መጫኛ ፋይል) ስትጭኑ ዲስኩ ካልታየ፣ አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ዊንዶውስን ከምናባዊው ዲስክና ኔትወርክ ጋር የሚያገናኘው የቨርትአይኦ ድራይቨር ነው። የቨርትአይኦን አይኤስኦ እንደ ሁለተኛ ሲዲ አያይዙና መጀመሪያ የዲስኩን፣ ቀጥሎ የኔትወርኩን ድራይቨር ጫኑ። ሁለተኛው ከተረሳ ዊንዶውሱ ይነሳል፣ ኢንተርኔት ግን የለውም።

ከአዲስ አበባ የምትሠሩ ከሆነ ከአሜሪካ ይልቅ አውሮፓ ያለ ዳታ ሴንተር ይሻላችኋል፤ መዘግየቱ ይቀንሳል። የርቀት ዴስክቶፑ የሚገባበትን ፖርት 3389 ለዓለም ክፍት አትተዉ፣ የይለፍ ቃል የሚሞክሩ ሮቦቶች ወዲያው ይደርሱበታል። ፋየርዎሉ ላይ ለራሳችሁ አይፒ ብቻ ፍቀዱ፤ አይፒያችሁ የሚቀያየር ከሆነ በቪፒኤን ግቡ።