ስሙ ወጣ?

ቅዳሜ ማታ ነው። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፣ እኔም ከጠዋት ጀምሮ ፒጃማዬን አላወለቅኩም። እንዲህ ዓይነት ቀን ሲመጣብኝ የማደርገውን ታውቃላችሁ። ካልሲ አጥባለሁ፣ ከዚያ ቁጭ ብዬ ጥንድ ጥንዱን እየፈለግኩ አጣጥፋለሁ። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ጠፍቶ ተከፍቷል። ከታች በሚያልፈው ቀይ መስመር ላይ አንድ ቦታ ተኩስ እንደነበረ አየሁ። ብዙም ሳይቆይ ጓደኛዬ ፎዚ ደወለች። ሰላምታ የለ፣ እንዴት ዋልሽ የለ።

«ስሙ ወጣ?»

«ገና ነው» አልኳት።

«ብቻ የእኛ እንዳይሆን» ብላ ዘጋችው።

ያለችውን በደንብ የሰማሁት ወደ ካልሲዬ ከተመለስኩ በኋላ ነው። ስሙ ወጣ? የተኳሹን ማለቷ ነው። ልክ እንደ ኮንዶሚኒየም ዕጣ፣ ልክ እንደ ዲቪ። «የእኛ» የምትለው ደግሞ ሰፊ ነው። አበሻ ከሆነ የእኛ ነው፣ ጥቁር ከሆነም የእኛ ነው፣ ስደተኛ ከሆነም እንደዚያው። ሙስሊም ከሆነ ግን ለብቻው የእሷ ነው። ሰኞ ጠዋት ሊፍት ውስጥ ሻሿን የሚያዩትን ዓይኖች ከአሁኑ መቁጠር ትጀምራለች።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ እናቶቻችን። በፈረንጅ አገር ለገዳይ ስም የሚያወጣለት ዜና አዘጋጁ ነው። አንዱ «አሸባሪ» ይባላል። ሌላው «ብቻውን የተንቀሳቀሰ ታጣቂ» ይሆናል፣ ወይ «የአእምሮ ችግር የነበረበት»፣ ከዚያ ጎረቤቱ ይፈለግና «ጸጥ ያለ ልጅ ነበር» ይላል። በፈረንጆቹ 2021 አትላንታ አካባቢ 8 ሰዎች ተገደሉ፣ ስድስቱ የእስያ ዝርያ ያላቸው ሴቶች ነበሩ። የሸሪፍ ቢሮው ቃል አቀባይ ጋዜጠኛ ፊት ቆሞ፣ ገዳዩ ያን ቀን «በጣም መጥፎ ቀን» እንደነበረበት ተናገረ። መጥፎ ቀን! የእኔ መጥፎ ቀን ይኸው ካልሲ ነው።

2019 ላይ ደግሞ ኒውዚላንድ፣ ክራይስትቸርች ውስጥ ሁለት መስጊድ ላይ ተኩሶ 51 ሰው የጨረሰው ሰውዬ አለ። አንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ የሕፃንነት ፎቶውን ፊት ገጹ ላይ አድርጎ «መልአክ የመሰለ ልጅ» ብሎ ጻፈለት። እንግዲህ መልአኩ እዚህ ነው የተገኘው።

ይኼ የእኔና የፎዚ ብሶት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከ2006 እስከ 2015 አሜሪካ ውስጥ የደረሱ የሽብር ጥቃቶችን ዘገባ የቆጠሩ ተመራማሪዎች አሉ። የሟቾቹን ቁጥርና ሌላ ሌላውን ሁሉ ከግምት አስገብተው እንኳ፣ ጥቃት አድራሹ ሙስሊም ሲሆን ዘገባው በአማካይ በ357 በመቶ ይበልጣል ነው ያሉት። ቁጥሩን ለፎዚ የነገርኳት ቀን «ይኼን ለማወቅ ጥናት አስፈለጋቸው?» ብላ ሳቀችብኝ።

እኔን የማይወጣልኝ ግን እስራኤል ውስጥ የሆነው የ2015ቱ የቤርሼባ ከተማ ነገር ነው። አውቶቡስ ጣቢያው ውስጥ ተኩስ ተከፈተ። ቪዛውን ሊያድስ ወደዚያች ከተማ የመጣ ኤርትራዊ ስደተኛ እንደ ማንም ሰው ነፍሱን ሊያድን ይሞክራል። ጥበቃው አጥቂ መስሎት ተኩሶ ጣለው። ወድቆ ደሙ እየፈሰሰ ሳለ ሰዎች ጭንቅላቱን ረገጡት፣ አግዳሚ ወንበር ጣሉበት፣ ሞተ። መጀመሪያ በወጣው ዜና ላይ «ሁለተኛው አጥቂ» ነበር። እሱ ስሙ እስኪወጣ እንኳ አልተጠበቀም፣ መልኩ በቃ። የእኛው መልክ። ቪዲዮውን አንድ ጊዜ ጀምሬ መጨረስ አቅቶኝ ዘጋሁት።

እዚህ ጋ ፈረንጁን ረግሜ ብጨርስ እንዴት ደስ ባለኝ። ግን እናንተ ታውቁኛላችሁ። ከአገር ቤት የግድያ ዜና ሲመጣ «ማንነታቸው ያልታወቁ ታጣቂዎች» የሚለውን አንብቤ አልፋለሁ? አላልፍም። ቀጥታ አስተያየቶቹ ውስጥ ነው የምገባው። የተያዘ ሰው ካለ የአባቱን ስም እፈልጋለሁ፣ እሱ ካልበቃኝ የአያቱን፣ ከዚያ የት አካባቢ ሰው እንደሆነ በልቤ እመድባለሁ። ከእኛ ወገን የሆነ እንደሆነ «ምን አድርገውት ይሆን እዚህ የደረሰው?» እላለሁ፣ መጥፎ ቀን ነበረበት ማለቴ እኮ ነው። ከእነሱ ከሆነ ግን «ድሮስ እነሱ» ብዬ ስልኬን እወረውራለሁ። የሕፃንነት ፎቶ ባገኝ እለጥፍለት ነበር መሰለኝ፣ ለእኛው ማለቴ ነው። ያቺ ታላቅ እህቴ አንዴ «አንቺ ከጋዜጠኞቹ በምን ትለያለሽ?» ብላኝ ለሁለት ሳምንት ተኳርፈናል። ሳልመልስላት ነው የታረቅነው።

ይኼን እየጻፍኩ ስልኬ ጮኸ። ፎዚ ናት። «ወጣ። የእኛ አይደለም። አልሐምዱሊላህ።»

«ተመስገን!» ብዬ መለስኩላት፣ ከነ ጸሎት እጁ፣ ሦስት ጊዜ።

ከላከሁት በኋላ ቀና ብዬ ቴሌቪዥኑን አየሁ። ቀዩ መስመር ስለ ነገ አየር ሁኔታ ነው የሚያወራው፣ ዝናቡ ይቀጥላል። ስንት ሰው ነበር የሞተው? ፎዚን ልጠይቃት ጽፌ መልሼ አጠፋሁት፣ እሷም እንደማታውቅ አውቃለሁ።