ጉልላቱ መሬት የወረደ ዕለት

ልጄ ስምንት ዓመቱ ነው። መስከረም ላይ ሰፈራችን ካለው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመን ሳለ ጣቱን ወደ ጉልላቱ ቀሰረ። «እማዬ፣ መስቀሉ ላይ ያሉት ነጫጭ ኳሶች ምንድን ናቸው?»

«የሰጎን እንቁላል ነው» አልኩት።

«ለምን ተሰቀለ?»

«መብረቅ እንዳይመታው።»

እኔም በእሱ ዕድሜ ሳለሁ የተነገረኝ ይኸው ነበር። ማታ ግን መልሴ ከነከነኝ። የእንቁላል ቅርፊት መብረቅ እንደማይመልስ እያወቅሁ ለምን እንዲያ አልኩት? ልጅ የሰማውን ይዞ ነው የሚያድገው።

እንጦጦን ተሻግሮ፣ በሱሉልታ በኩል፣ አንዲት የገጠር ማርያም አለች። ቆርቆሮዋ ሊቀየር ጉልላቷ መውረዱን የነገረችኝ እዚያ አካባቢ ያደገች የሥራ ባልደረባዬ ናት። ጉልላት በስንት ዘመን አንዴ ነው የሚወርደው። ጥቅምት 21 ልጄን ይዤ ወጣሁ።

ከአዲሱ ገበያ ሚኒባስ ያዝን። ዳገቱን ስንወጣ ብርዱ በመስኮት ገባ፤ የባሕር ዛፉ ሽታም አብሮት። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባለው ለካ እውነት ነው፤ ልጄን በነጠላዬ ጠቀለልኩት። ከተራራው ወዲያ ሜዳው ይሰፋል። ሯጮች በመንገዱ ዳር ተሰልፈው ይሮጣሉ። ከአስፋልቱ ወርደን ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር ሄድን።

ስንደርስ ቅዳሴ አልቆ ሰው ተበትኗል። ጉልላቱ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ሣር ላይ ጋደም ብሏል። ከታች ሆኖ ሲያዩት ትንሽ የሚመስለው ነገር አጠገቡ ሲቆሙ ከልጄ ቁመት ይበልጣል። ብረቱ ዝጓል። እንቁላሎቹ ከክንዶቹ ጫፍ ተነቅለው፣ ሰፌድ ላይ ጥጥ ተነጥፎላቸው ተቀምጠዋል። ቆጠርናቸው። ስድስት ናቸው።

ቄሰ ገበዙ መጡ። መስቀል ተሳልመን የመጣንበትን ነገርኳቸው። አንዱን አንስተው በሁለት እጄ አስያዙኝ። ከዶሮ እንቁላል ጋር ምንም አያገናኘውም። ቁመቱ አንድ ስንዝር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ቅርፊቱ እንደ ሸክላ ወፍራም ነው። ከሩቅ ነጭ የሚመስለው ቀለሙ የቆየ ጥርስ ይመስላል። ፊቱ ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ከላይና ከታች ተበስቷል፤ ብረቱ የሚያልፈው በዚያ ነው። ውስጡ ባዶ ስለሆነ ከመጠኑ ይልቅ ቀለል ይላል።

«ሰጎን እንቁላሏን ጥላ አትሄድም» አሉ ለልጄ ጎንበስ ብለው። «ዓይኗን ሳትነቅል ታየዋለች። ሲርባት ወንዱ ይተካታል። ዓይናቸውን ከነቀሉ ይበላሻል። እግዚአብሔርም ቤቱን እንዲህ ነው የሚጠብቀው። እኛም ስንጸልይ ልባችን ገበያ እንዳይሄድ ነው።»

«ሌሊትስ?» አላቸው።

«ሌሊትም።»

ጉልላቱ ላይ የነበሩት ሰባት ናቸው፤ ሰባት የሆነው ስለ ሰባቱ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን ነው አሉን። አጠገባቸው የቆመው ዲያቆን ደግሞ ስለ ሰባቱ ሰማያት ነው አለ። አልተከራከሩም። ሁለቱም ይባላል።

አንድ ነገር ግን መጠየቅ ነበረብኝ። መጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 39 ላይ ያለችው ሰጎን ሌላ ናት። እንቁላሏን አፈር ላይ ትጥላለች፤ እግር ይሰብረዋል፣ አውሬ ይረግጠዋል ብላ አታስብም። በልጆቿ ትጨክናለች። ሰቆቃወ ኤርምያስም የጭካኔ ምሳሌ ያደርጋታል። ታዲያ ይህቺ ወፍ እንዴት ጉልላት ላይ ወጣች? አፍሬ ነበር የጠየቅሁት። ቄሰ ገበዙ ግን ጥያቄውን የወደዱት ይመስለኛል።

«ኢዮብ ላይ ያለችው እኛ ነን ልጄ። ጉልላት ላይ ያለችው እሱ ነው።»

ይህን እስከዛሬ አልሰማሁም ነበር። ይህ መገለባበጥ በሌላ አገርም ደርሷል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በፈረንሳይ የነበረ ዱራንዱስ የተባለ ጳጳስ፣ በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት የሰጎን እንቁላል ለምን እንደሚሰቀል ሲጽፍ መካከለኛውን መንገድ ይዟል። ሰጎን ትረሳለች፣ ከዚያ ኮከብ ስታይ ትዝ ይላትና ወደ እንቁላሏ ትመለሳለች፤ ኃጢአተኛም እንዲሁ ይመለስ ይላል። በግብፅ ኮፕቶች ዘንድ ደግሞ እንቁላሉ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይንጠለጠላል፤ ትርጓሜው ከእኛው ጋር አንድ ነው፣ ዓይንን ያለመንቀል። በኦቶማን ዘመን መስጊዶችም ተሰቅሏል። እዚያ ሸረሪት ያርቃል ይሉታል። የእኔን መብረቅ አስታወሰኝ።

«የጣዖት ቅሪት ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። ዕቃው ከክርስትና በፊት እንደነበረ አልክድም። ግብፆች ከ5,000 ዓመት በፊት ከሙታናቸው ጋር ይቀብሩት ነበር። ግን ምልክት በያዘው ሰው እጅ ነው የሚነበበው። ሰውየው የሚጸልይበትን ነገር ሳይጠይቁ ከሩቅ ሆኖ ስም ማውጣት በደል ነው፤ እኔ ራሴ መብረቅ ብዬ በድዬዋለሁ።

ወፏም ብትሆን ከስሟ የተሻለች ናት። ሰጎን ቆማ አታፈጥም፣ እንደ ዶሮ ትታቀፋለች። ቀን ቀን አመድማዋ እናት፣ ሌሊት ጥቁሩ አባት፤ ጨለማ ውስጥ ጥቁሩ አይታይምና። 42 ቀን ያህል እንዲህ ይፈራረቃሉ። ቄሰ ገበዙ «ወንዱ ይተካታል» ያሉት ልክ ነው። ይህን ለልጄ ስነግረው በጣም ደስ አለው፤ አባቱ የሌሊት ተረኛ ሠራተኛ ነው።

ሰባተኛው እንቁላል ሲወርድ ተሰብሯል። ስብርባሪውን በነጭ ጨርቅ ቋጥረው ዕቃ ቤት አስቀምጠውታል፤ አይጣልም። በምትኩ አናጢው ከወይራ የጠረበውን ነጭ ቀለም ሲቀባ ደረስንበት። የሰጎን እንቁላል ዛሬ እንደ ልብ አይገኝም። ቄሰ ገበዙ የእንጨቱን አገላብጠው አዩትና «ይሁን» አሉ። ከዚያ ልጄን ጠርተው እንዲይዘው ሰጡት። ቀለሙ አልደረቀም ነበርና መዳፉ ነጭ ሆነ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ወደ ኋላ ዞሮ ተቀመጠ። ቆርቆሮው ገና ሲሶው ነው የተሸፈነው። የጉልላቱ ቦታ ባዶ ነው። እስክንታጠፍ ድረስ ዓይኑን አልነቀለም።